የጋሽ ተድላ ጠጠሮች

ሰኞ፣ ቦሌ

የጉዞዬን ምክንያት አስቀድሜ ልናገርና ወደ መንገዱ ልግባ። ሥራዬ የከርሰ ምድር ውሃ መፈለግ ነው። ባለፈው ዓመት ዋርካ ሜዳ በምትባል ሰማንያ ቤት ያላት መንደር ጉድጓድ አስቆፍሬ ደረቅ ወጣ። ማሽኑ ለአምስት ቀን አቧራ ሲተፋ የመንደሩ ሰው ጀሪካኑን ደርድሮ ተቀምጦ ያይ ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ «ምድር የያዘችውን ማን ያውቃል» ብለው መርቀው ሸኙን። ቢቆጡን ይሻለኝ ነበር።

መቆፈሪያው ከፋሲካ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ወደዚያ ይመለሳል። አንድ ጉድጓድ ይቆፍርና ወደ ሌላ ዞን ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ለዋርካ ሜዳ ተራ የለም። የሚቆፈርበትን ቦታ የምመርጠው እኔ ነኝ።

የመጀመሪያውን ቦታ የመረጥኩት በጋሽ ተድላ ካርታ ነው። ጋሽ ተድላ በጃንሆይ ዘመን አንድ በቅሎና አንድ ረዳት ይዘው ያንን አገር በእግር ዞረው ድንጋዩን በካርታ ላይ ካሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን የሥነ ምድር ባለሙያዎች አንዱ ናቸው። ያዘጋጁት የመስክ መመሪያ ተባዝቶ ተባዝቶ ፊደሉ ሊጠፋ ደርሶ እንኳ እኛ ተምረንበታል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን ሕግ በቃሉ የማይወጣ ተማሪ አልነበረም፦ «እግርህ ያልደረሰበትን መስመር ቆራርጠህ ሣል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ካርታ ላይ ድፍን መስመር ማለት «ሄጃለሁ፣ አይቻለሁ» ማለት ነው። የተቆራረጠ መስመር ማለት ደግሞ «ይመስለኛል» ማለት ነው። ድንጋይ የተሰነጠቀበት ቦታ ውሃ ያቁራልና እኛ ስንጥቅ እንፈልጋለን። በጋሽ ተድላ ካርታ ላይ አንድ ትልቅ የመሬት ስንጥቅ ከዋርካ ሜዳ በስተ ምሥራቅ ያልፋል፤ ድፍን፣ ወፍራም፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል። እሱ ላይ ቆፈርኩ፤ የሆነውንም ነግሬያችኋለሁ።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁሉም አንድ ቃል ነበር የሚናገረው፦ «የጋሽ ተድላ ካርታ አይሳሳትም፤ አንቺ ስትገለብጪ ነው የተዛነፈው።» የመስክ ደብተራቸው በሚኖሩበት በለንደን እሳቸው እጅ እንዳለ ስሰማ ስልካቸውን አፈላልጌ ደወልኩ። «ደብተሬን በፖስታ አልልክም። ማየት ከፈለግሽ እግር አለሽ፣ ነይ» አሉኝ። የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ፣ በራሴ ገንዘብ ቲኬት ቆረጥኩ፣ ሁለት ኪሎ በርበሬ ያዝኩ። አውሮፕላን አልወድም፤ ይህን ያህል ሰዓት መሬት ሳይነኩ መቀመጥ ለእኔ ሥራ መፍታት ነው።

ማክሰኞ፣ ከሂትሮው እስከ ክላፋም

ሂትሮው የተቀበለችኝ የአክስቴ ልጅ ሂሩት ናት። ለአውሮፕላኖች ምግብ የሚዘጋጅበት ቤት ትሠራለች፤ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ነበር የመጣችው። ከአገር ከወጣች ሃያ ዓመት አልፏታል። አማርኛዋ ግን የዚያን ጊዜው የሰፈራችን አማርኛ ነው፣ እንግሊዝኛ ጣል ጣል ተደርጎበት።

«ለጉድጓድ ብለሽ ነው ለንደን ድረስ? ሰው ለሾፒንግ ነው የሚመጣው እኮ።»

«የእኔ ሾፒንግ ድንጋይ ነው።»

«በይ ካርድሽን እዚህ ማሽኑ ላይ ታች አድርጊ፣ አስነኪው፤ ስትወጪም ታች ካላደረግሽ ፉል ዋጋውን ይቆርጥብሻል።»

ወደ ስድስት ፓውንድ የሚጠጋ ተቆረጠብኝ፤ ወደ ብር ለውጬ ማሰቡን እዚያው ባቡሩ ላይ ተውኩት። ሻንጣዬን እሷ ቤት ጥለን፣ ከሰዓት በኋላ በምድር ውስጥ ባቡርና በአውቶቡስ ክላፋም የሚባል ሰፈር አድርሳኝ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ የጸሎት ስብሰባ ሄደች።

የጋሽ ተድላ ቤት ቀይ ጡብ በለበሰ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ረጅም ናቸው፤ አሁን ጎበጥ ብለዋል፤ ጫፉ ጎማ የሆነ ምርኩዝ ይይዛሉ። በሩን ከፍተው ፊቴን ከማየታቸው በፊት ጫማዬን አዩ።

«መንገድ ያውቃል» አሉ። «ግቢ።»

መስኮቱ ሥር፣ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ፣ ወጥ ቤት ከማንኪያው አጠገብ ሳይቀር ድንጋይ አለ። ሻይ አፈሉ፣ እንቁላል ፍርፍር ሠሩ። እንዳግዛቸው አልፈቀዱም። እየበላን ታሪካቸውን ነገሩኝ። በደርግ ጊዜ ሾልከው ወጡ። እዚህ ሲደርሱ የተማሩት ሁሉ አልሠራ ብሏቸው አራት ዓመት ሂትሮው ሻንጣ ጫኑ። ከዚያ ሕንፃ ሊሠራበት የታሰበ አፈር የሚፈተሽበት ላቦራቶሪ ገብተው እዚያው ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው አርፈዋል፤ ልጃቸው ከሰሜን እንግሊዝ እሑድ እሑድ ይደውላል። ይህን ሁሉ የተናገሩት የአየር ሁኔታ እንደሚያነብ ሰው ነው።

ከዚያ አንድ የተቆረጠ ድንጋይ አቀበሉኝ፦ ከላይ ጥቁር፣ መሐል ቀይ፣ ከታች ጥቁር።

«ቀዩ ምንድን ነው?»

«ትኩስ ድንጋይ ከላይ ፈሶበት የተቃጠለ አፈር» አልኩ፣ እንደ ፈተና።

«ዕረፍት ነው። እሳቱ ተኝቶ ሣር የበቀለበት፣ ዝናብ የዘነበበት ዘመን ነው። አብረውኝ የሚሠሩት ፈረንጆች የጥቁሩን ውፍረት ነበር የሚለኩት። እኔ ቀዩን ቆጠርኩ። ሰባት ቀይ ካለ አገሩ ሰባት ጊዜ ተረጋግቶ ነበር ማለት ነው። ያኔ ሳቁብኝ።»

ዛሬ ተማሪ ሁሉ ቀዩን ይቆጥራል። ይህንን ስነግራቸው አንገታቸውን ነቀነቁ እንጂ ደስ ያላቸው አይመስልም።

ዳቦ ልንገዛ አብረን ወጣን። መንገድ ላይ ንግግራቸውን እያቋረጡ እጃቸውን ከቀኝ ኪሳቸው ወደ ግራ ኪሳቸው ያሻግሩ ነበር። በሁለተኛው ላይ ገባኝ። መቶ እርምጃ ሲሞላ አንዲት ጠጠር ከቀኝ ወደ ግራ ታልፋለች። መለኪያ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን ርቀት የሚለኩት እንዲህ ነበር፤ ማታ ድንኳን ውስጥ የግራ ኪሳቸውን ቆጥረው ደብተራቸው ላይ ያሰፍራሉ።

«ከቤቴ እስከ ዳቦ ቤቱ አራት ጠጠር ነው» አሉ። «ዱሮ ሦስት ነበር። መንገዱ አልረዘመም፣ እኔ ነኝ ያጠርኩት።»

ረቡዕ፣ ደብተሮቹ

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ላይ አምስት ደብተር ደርድረው ጠበቁኝ። ሽፋናቸው ጨርቅ ነው፤ አንዱን ምስጥ ጀምሮት ትቶታል። «የምትፈልጊው አራተኛው ውስጥ ነው» ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ወይም የወሰዳቸው መሰለኝ።

እንዲህ ያለ ደብተር አይቼ አላውቅም። የድንጋዩ ዓይነት፣ የገበሬው ስም፣ ገበሬው ድንጋዩን ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ ከብቱ የት እንደሚጠጣ፣ ንብ የት እንደሚሰፍር። በእያንዳንዱ ቀን መጨረሻ የጠጠሩ ቁጥር፦ «ሠላሳ ስምንት ጠጠር።» «ሃምሳ ሁለት ጠጠር፣ በቅሎዋ አነከሰች።» ካርታውን ጎን ዘርግቼ ቀን በቀን ተከተልኳቸው። ከዋርካ ሜዳ በላይ እስካለው ገደል አፍ ድረስ ጠጠሩና መስመሩ አንድ ናቸው።

ዋርካ ሜዳ አካባቢ ስደርስ ሦስት ቀን ባዶ ሆነ። «ሐሙስ፣ በላይ ታመመ» ይላል፤ በላይ ረዳታቸው ነው። «ዓርብ፣ እንደዚያው።» «ቅዳሜ፣ ትኩሳቱ አልበረደም።» ጠጠር የለም። ቀጥሎ ያለው ገጽ ላይ ከአካባቢው ወንዝ ማዶ ሌላ ከተማ ገብተዋል። በካርታው ላይ ግን በዚያ ክፍል መስመሩ አልተቆራረጠም። እንደ ሌላው ሁሉ ድፍን ነው።

ሦስት ጊዜ መልሼ አነበብኩት። ጋሽ ተድላ ያንን መሬት አልረገጡትም።

«አገኘሽ?» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ገና ነኝ ጋሽ ተድላ» አልኩ። ውሸቴን ነው።

ሂሩት ቤት ራት ላይ ነገርኳት። ሩዝ በአትክልት በእጇ እየጠቀለለች ሰማችኝ።

«ታዲያ ስትሬት ጠይቂያቸው።»

«ሰማንያ ስድስት ዓመት የሞላውን ሰው ‹ዋሽተዋል ወይ› ብዬ? ሙያውን ያስተማረኝን?»

«ካልጠየቅሽ የት ትቆፍሪያለሽ?»

ሳህኔን አንስቼ ማጠብ ጀመርኩ። ከዚህ ይልቅ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን ለሂሩትም አልነገርኳትም።

ሐሙስ፣ ክሮይደን

«ደብተር ብቻ አይበቃም፤ ዛሬ ውሃ ላሳይሽ» አሉኝ ጠዋት። ወደ ባቡር ጣቢያው በአውቶቡስ ሄድን፤ ከዚያ ክሮይደን በባቡር ሩብ ሰዓት አይሞላም። እሳቸው የሽማግሌ ነፃ ካርድ አላቸው፤ እኔ ከፈልኩ። ክሮይደን የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያለበት ነው። ለንደን ያለ አበሻ ስሙን ሲሰማ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቱን ያስታውሳል።

«እኔም እዚህ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ» አሉ ጋሽ ተድላ ትራም እየጠበቅን። «አንድ ቀን ቀጠሮዬ ወደ ከሰዓት ተዛወረና ዝም ብዬ መራመድ ጀመርኩ። ስድስት ጠጠር ስሞላ ውሃ አገኘሁ።»

በትራም ሁለት ፌርማታ ያህል ሄደን አንድ መናፈሻ ጋ ወረድን። መሐሉን አንድ ትንሽ ወንዝ ይሄዳል፤ ወንዝ ቢሉትም በጃን ሜዳ በኩል ከሚወርደው ጎርፍ አይበልጥም። ግን ውሃው መስታወት ነው። ከደቡብ ያለው ኮረብታ ነጭ የኖራ ድንጋይ እንደሆነ፣ ዝናቡን እንደሚጠጣ፣ ውሃው ለንደን የተሠራችበት ሸክላ አፈር ጋ ሲደርስ መሄጃ አጥቶ እንደሚፈልቅ በምርኩዛቸው እያመለከቱ አስረዱኝ። የምንጮቹን መስመር ያኔ ወረቀት ሲጠብቁ፣ ጭንቀታቸውን ለመርሳት በእግራቸው ለክተው የቤታቸው ግድግዳ ላይ ሥለውታል። ጠዋት አይቼዋለሁ፤ ቤት የተሠራበትና መግባት ያልቻሉበት ቦታ ሁሉ ተቆራርጧል።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሆምጣጤ የተረጨበት ድንች ጥብስ በአራት ፓውንድ ተኩል ገዝቼ መሐላችን አደረግኩት። ከዚህ የተሻለ ጊዜ እንደማላገኝ አወቅሁ።

«ጋሽ ተድላ፣ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገርዎት?»

«ንገሪኝ።»

«ከቁፋሮው በፊት በጻፍኩት ሪፖርት ‹ስንጥቁ በመስክ ተረጋግጧል› ብያለሁ። አላረጋገጥኩም። መኪና መንገዱ ዳር ቆሜ በሩቅ ማሳያ መነጽር ነው ያየሁት። ፀሐዩ ይፋጅ ነበር፣ ሾፌሩም ቸኩሎ ነበር፤ ግን ዋናው እሱ አይደለም። የእርስዎ መስመር ድፍን ነው፤ ምን አስኬደኝ ብዬ ነው።»

ለማንም ያልተናገርኩት ይህ ነበር። ከአዲስ አበባ ስነሳ ደብተሩ የእኔን ስህተት አቅልሎ እንዲያሳየኝ ነበር ተስፋዬ፤ መገልበጥ ላይ የተዛነፈ ቁጥር፣ የማያሳፍር ነገር።

ጋሽ ተድላ ድንቹን ትተው ውሃውን ያዩ ጀመር። ከግራ ኪሳቸው አንዲት ጠጠር አወጡና ወደ ቀኝ መለሷት። ወደ ኋላ ስትመለስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ትናንት አግኝተሽዋል» አሉ።

«አዎ።»

«በላይ ታሞ ነበር። ወባ ነው። ጥዬው መሄድ አልቻልኩም፣ ይዤውም መሄድ አልቻልኩም። በሦስተኛው ቀን ገደሉ አፍ ላይ ቆሜ በመነጽር አሻግሬ አየሁት። ቀጥ ያለ ሆነብኝ። የጠዋት ጥላ ጠማማውን ሁሉ ቀጥ ያደርገዋል፤ ይኸ መቼም አይጠፋሽም።»

«ለበላይ ብለው መቅረትዎ ደግ ነው።»

«መቅረቴን ማን ነቀፈው? አዲስ አበባ ስገባ አቆራርጬ ነበር የሣልኩት። የሥዕል ክፍሉ አለቃ፣ የእኛው ሰው ነው፣ አየና ‹ይኸ ካርታ የፈረንጆቹ ካርታ ጎን ነው የሚሰቀለው። የነሱ ሁሉ ድፍን ነው። የአንተን ሲያዩ አበሻው ሳይጨርስ ቀረ ይላሉ› አለኝ። የነሱም በመነጽር የተሞላ እንደሆነ አላጣሁትም። ግን ያቺን ቃል ፈራኋት። ብዕሬን አንስቼ ክፍተቱን ሞላሁት። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም።»

ድንቹን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ።

«ያንን ሕግ የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው። እናንተ ጥበብ አላችሁት፤ እኔ ንስሐዬ ነበር።»

ተናደድኩ፤ አልዋሽም። በዓይኔ ላይ የመጡት እነዚያ የተደረደሩ ጀሪካኖች ናቸው። ወዲያው ደግሞ በመናደዴ አፈርኩ፤ እሳቸው የታመመ ሰው ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ነው ያልሄዱት፣ እኔ ፀሐይ ፈርቼ።

«ስንት ቤት ነው ያልሽኝ?» አሉ።

«ሰማንያ።»

የድንቹን ወረቀት አጥፈው ተነሡ። ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ ክላፋም በመስኮት ሲያዩ ሄዱ።

ዓርብ፣ ምላጩ

ስደርስ ጠረጴዛው ባዶ ነበር። ከአልጋቸው ሥር እንዳወጣ ያዘዙኝ ቆርቆሮ ቱቦ ውስጥ የካርታው ዋና ንድፍ ተጠቅልሎ ኖሯል፤ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም በእጃቸው የሣሉት። ከአገር ሲወጡ ልብስ ጥለው እሱን ይዘዋል። በአራት ድንጋይ ጠርዙን አስያዝነው።

የዱሮ ንድፍ ሠሪዎች ቀለም ሲሳሳቱ የሚያጠፉት በምላጭ ፍቀው ነው። ጋሽ ተድላ ምላጩን ከመጠቅለያው አወጡ፣ ጎንበስ አሉ፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ቀና ብለው ጠበቁ፣ እንደገና ሞከሩ። እምቢ አላቸው።

«አንቺ ፋቂው።»

«እኔ? ይኼን?»

«በቀስታ፣ አጋድመሽ። ወረቀቱን እንዳትበሺው።»

በማጉያ መነጽር እያዩ ከየት ጀምሬ የት እንደማቆም በትንሽ ጣታቸው ያሳዩኛል፤ እኔ እፍቃለሁ። ጥቁሩ እንደ ጥላሸት ብን ይላል። እያንዳንዱን ክፍተት ስጨርስ «እሺ» ይላሉ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። አሥራ አንድ ቦታ ቆራረጥነው። በመጨረሻ ህዳጉ ላይ በራሳቸው እጅ፣ ፊደሉ እየተጋደመባቸው፣ «ይህን ክፍል አልረገጥኩትም» ብለው ጽፈው ፈረሙ።

«ስለ እኔ ከጻፍሽ ይኼንንም ጻፊ» አሉኝ። «እኔን ሸፍነሽ መንደሩን እንዳታስጠሚ።»

ቱቦውን ከነንድፉ ሰጡኝ። ስወጣ በሩ ላይ አስቆሙኝና የሁለቱን ኪሳቸውን ጠጠር በካልሲ ቋጥረው ጨመሩልኝ።

ቅዳሜ፣ ሂትሮው

ፍተሻው ላይ ቦርሳዬ ከመስመር ወጣ። ፈታሹ ካልሲውን በጓንት አንስቶ ፈታው፣ ጠጠሮቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ምን እንደሆኑ ጠየቀኝ። ድንጋይ ናቸው አልኩት። ለምን እንደሚያገለግሉ ጠየቀኝ። ለመቁጠር አልኩት። ሌላ ሰው ጠራ፤ ሁለቱም አገላበጧቸውና ቋጥረው መለሱልኝ። ሂሩት በስልክ ስነግራት ከት ብላ ሳቀች፦ «ሰው ከለንደን ቸኮሌት ይዞ ይገባል።»

አገር ቤት፣ ዋርካ ሜዳ

አዲስ አበባ እንደገባሁ ሪፖርቴ ላይ የጻፍኩት ውሸት እንደነበር ለመሥሪያ ቤቴ በጽሑፍ አሳወቅሁ። ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ የሚገባኝ ነው። ከዚያ ጠጠሮቹን ቀኝ ኪሴ ከትቼ ወደ ዋርካ ሜዳ ወረድኩ። መኪናውን መንደሩ ትቼ ከእትዬ ዘነቡ ጋር በእግር ወጣሁ። እትዬ ዘነቡ ከወንዙ ውሃ ሲቀዱ ሠላሳ ዓመት የኖሩ፣ ከእኔ ይልቅ ፈጣን እግር ያላቸው ሴት ናቸው።

ከገደሉ አፍ ጀምረን ስንጥቁን ድንጋይ በድንጋይ ተከተልነው። አሥራ ዘጠነኛው ጠጠር ላይ፣ አንድ ኮረብታ ሥር ታጠፈ። ወደ ምሥራቅ አይደለም፤ ወደ ምዕራብ፣ ከቤቶቹ ጀርባ።

«እዚህማ ፍየሎቹ በበጋም እርጥብ ሣር አያጡም» አሉ እትዬ ዘነቡ። «አምና ወደዚህ ወጥተሽ ብትጠይቂን እናሳይሽ ነበር።»

«አምና እዚህ ድረስ አልመጣሁም» አልኩ።

በሁለተኛው ቀን ጨረስነው። ማሽኑ ከፋሲካ በኋላ መጣ፣ ከቤቶቹ ጀርባ ተተከለ። ሁለት ቀን አቧራ፣ በሦስተኛው ቀን ጭቃ፣ ከሰዓት በኋላ ውሃ። እትዬ ዘነቡ በእፍኛቸው ቀምሰው ጀሪካናቸውን ከውሃው ሥር ደቀኑ። እኔ ግን ከማሽኑ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ።

እዚያው ሆኜ ለንደን ደወልኩ። ጋሽ ተድላ የማሽኑን ድምፅ ሰምተዋል። ውሃ ወጣ ወይ ብለው አልጠየቁም።

«ስንት ጠጠር?» አሉ።

«አርባ አንድ። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል።»

እየጻፉ እንደሆነ በስልኩ ይሰማኛል፤ የወረቀት ድምፅ፣ የብዕር ድምፅ። አራተኛው ደብተር ላይ፣ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ባለው ባዶ ገጽ ላይ መሆኑን ሳላይ አወቅሁ።

«ያንቺ እርምጃ ነው» አሉ ቆይተው። «ስምሽን ጽፌበታለሁ። በይ አሁን ብዕር አንሺና መስመሩን አገናኚው።»